አራቱ የመጋቢት ገጾች

ሴንት ፖል፣ ነሐሴ ፲፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህ እንዴት ሆነልህ? ፍልሰታን በሰላም ፈታችሁ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ተማሪዎችህ ሁሉ ደህና ናቸው? ሰው ሁሉ መሪጌታ እያለ በሁለት እጁ ሲጨብጥህ እኔ ዛሬም "አንተ" እያልኩ እጽፍልሃለሁ፤ አፍንጫህን ጠርጌ ያሳደግኩህ ነህና ቻለው። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። በወጉ እዚህ ላይ "ከናፍቆት በስተቀር" ይባል ነበር። ዘንድሮ ግን ናፍቆት ተራውን ይጠብቅ፤ ከእሱ የሚቀድም ጉዳይ አለብኝ።

በስልክ ያልነገርኩህ ሆን ብዬ ነው። ነገር ከበድ ሲልብህ "ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው" ትለኛለህ፤ አውቅብሃለሁ። ወረቀት አይቆራረጥም። ይህን የምታመጣልህ ባየሽ ናት፤ እዚህ ከእኔ ጋር በአንድ ሰንበቴ የምንጠጣ ሴት ናት፣ ምስጢር አይወጣትም። የደም ግፊት መድኃኒትህንም ይዛልሃለች። መጀመሪያ መድኃኒቱን ዋጥ፣ ከዚያ ቁጭ ብለህ አንብብ።

የምንከባከባቸው እንግሊዛዊ ሽማግሌ በመጋቢት እንዳረፉ ነግሬህ ነበር። አንተም ነፍስ ይማር ብለህ ወደ ሌላ ወሬ ተሻገርክ። ማን እንደነበሩ አልጠየቅከኝም፣ እኔም አልነገርኩህም።

ሚስተር ቴልፈርድ የሙዚቃ ደራሲ ነበሩ። ዘፈን የሚሠሩ እንዳይመስልህ፤ ሰማንያ ሰው ጥቁር ለብሶ ተቀምጦ የሚጫወተውን፣ ሰውም ሳይተነፍስ የሚያዳምጠውን ዓይነት ነው። የተወለዱት ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ የድንጋይ ከሰል በሚቆፈርባት ትንሽ ከተማ ነው። አባታቸው ጉድጓድ ወርደው ጠቁረው ይወጡ ነበር። እናታቸው ቤተ ክርስቲያን ይጠርጉ ነበር። ማንበብ የማይችሉ ሴት፣ የመዘምራኑን ዜማ ሁሉ በጆሯቸው ይዘው፣ ኦርጋን መቺው ሲስት መጥረጊያቸውን አቁመው "ተሳስተሃል" ይሉት ነበር አሉኝ። ይህን ሲነግሩኝ ይስቁ ነበር። እኔ አልሳቅኩም፤ የያዝኩት ሳህን ከእጄ ሊያመልጥ ነበር።

በሃያ ስድስት ዓመታቸው የመጀመሪያው ትልቅ ሥራቸው ለንደን ላይ ተሰማና ጋዜጣው ሁሉ ሰማይ ሰቀላቸው። አሥር ዓመት ሳይሞላ ያው ጋዜጣ መሬት ጣላቸው። ዘመኑ ተለውጦ፣ ሰው ቤቱ ሲገባ የሚያንጎራጉረው ዜማ መጻፍ እንደ ነውር ይታይ ነበር ይላሉ። እሳቸው ደግሞ ግትር ናቸው፤ ዜማ ከመጻፍ አልተመለሱም። ስለ ከሰል ቆፋሪዎች የጻፉት ኦፔራ በሦስተኛው ምሽት ተዘጋ። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት የኖሩት በቴሌቪዥን ነው፤ ወንጀል ለሚመረምር ፖሊስ ፊልም ሙዚቃ እየሠሩ። በየሳምንቱ አንድ ሰው ይገደላል፣ እኔም በየሳምንቱ አለቅስለታለሁ ይሉኝ ነበር። ወደዚህ ያመጧቸው ባለቤታቸው ናቸው፤ የሴንት ፖል ተወላጅ፣ ቪዮላ ተጫዋች። እዚህ ኮሌጅ ውስጥ ሃያ ዓመት አስተማሩ። ከቤተ መንግሥት የተላከላቸው ሜዳሊያ ካልሲያቸው ከሚቀመጥበት መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው፤ እኔ ነኝ ያገኘሁት። ባለቤታቸው ሲሞቱ ዘጠኝ ዓመት አንዲት ዜማ አልጻፉም።

አንድ ቀን የባለቤታቸውን ቪዮላ አቧራ ስጠርግ ጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ሰው ሁሉ የሚወድላቸው አንድ የድሮ ሥራ አለ፤ መካከለኛው ክፍሉ ሠርግም ቀብርም ላይ ይጫወታል። እሱ የእኔ አይደለም አሉኝ። ባለቤታቸው ወጥ ቤት ሆነው ሲያንጎራጉሩ ሰምተው የጻፉት ነው፤ ስማቸው ግን የትም ላይ የለም። ነገ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ እያልኩ አርባ ዓመት ሄደ፣ አሁን የምነግራት እሷ የለችም አሉ። ከዚያ ሻይ አምጪ አሉኝ።

እኔ ቤታቸው የገባሁት የዛሬ አራት ዓመት ነው። ኤደን ፕሬሪ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳነሣ ወገቤ አሻፈረኝ ሲል የፒሲኤ ሥራ ያዝኩ፤ ሽማግሌ ቤት ሄዶ ማጠብ፣ ማብላት፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት ነው። የትምወርቅ ማለት ቢያቅታቸው "የት" ብለው አሳጠሩኝ። ቀኑን ሙሉ "የት? የት?" ይላሉ፣ እኔም "እዚህ፣ እዚህ" እላለሁ። አማርኛ የሚሰማ ሰው ቢገባ ዕቃ የጠፋብን ነበር የሚመስለው።

የዛሬ ሁለት ዓመት አንዲት የድሮ ተማሪያቸው መጣች፤ አሁን እዚህ ከተማ ስድሳ ሰው ያለበት የመዘምራን ቡድን መሪ ናት። ለቡድኔ አንድ ሥራ ይጻፉልኝ ብላ እግራቸው ሥር ቁጭ አለች። እሺ አሉ። በጀመሩ በጥቂት ወራቸው ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸውና ንግግራቸው ሄደ። ውኃ ማለት አቃታቸው። ዜማው ግን አልሄደም። ሐኪሟ ስትነግረኝ ቃልና ዜማ ጭንቅላት ውስጥ ቤታቸው ለየብቻ ነው፤ አንዱ ሲፈርስ ሌላው ሊተርፍ ይችላል። ውኃ ማለት ያቃታቸው ሰው አንድ ገጽ የሚሞላ ዜማ ሳያዛንፉ ያንጎራጉራሉ። ከዚያ ብዕሩን ያያሉ፣ ቀኝ እጃቸውን ያያሉ፣ ያለቅሳሉ። ለሥራው ተመርጦ የነበረውን ግጥም በግራ እጃቸው ቀዳደዱት። እሳቸው ቃል ካጡ ሥራውም ቃል አይኑረው ማለታቸው ነው፤ ሰው በድምፁ ብቻ እንዲያዜመው።

ሦስት ቀን ቻልኩ። በአራተኛው ቀን የመድኃኒት መመዝገቢያውን ወረቀት ገለበጥኩና ሲያንጎራጉሩ ጻፍኩ።

ምን ጻፍሽ በለኝ። ይዘት፣ ድፋት፣ ርክርክ፣ ቁርጥ። የዜማ መምህሩ አባታችን ለተማሪዎቹ ያስተማረውን፣ ለእኔ ግን "ሴት ልጅ ዜማ ምን ያደርግላታል" ብሎ የከለከለኝን ምልክት። እኔ ከጭቃው ግድግዳ ወዲያ ልብስ ሳጥብ፣ እናንተ ከወዲህ ትምህርታችሁን ስትቀጽሉ፣ ማን ምን እንደገባውና ማን ምን እንደሳተ አውቅ ነበር። አንተ ርክርክ ላይ ሁልጊዜ ትቸኩል ነበር። ምልክቱን ደግሞ ቤት ስጠርግ ከመጽሐፋችሁ ላይ አየው ነበር። በማግስቱ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ ዜማቸውን መልሼ አዜምኩላቸው። ግራ እጃቸውን ዘርግተው ከንፈሬን ነኩት፣ ድምፁ በእርግጥ ከእኔ መውጣቱን የሚያረጋግጡ ይመስል። ከዚያ፣ ከታመሙ ወዲህ አይቼው በማላውቀው ሳቅ ሳቁ።

ምልክታችን ዜማውን የሰማ ሰው እንዳይረሳ ያደርጋል እንጂ ላልሰማው አያሰማም፤ ይኼ ለአንተ አይነገርም። ለፈረንጆቹ መዘምራን ለማድረስ በአምስት መስመር የሚጽፍ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። ያገኘሁት ሂርጳን ነው፤ የወለጋ ሰው፣ ሌክ ስትሪት ላይ አውቶቡስ የሚነዳ፣ እሑድ እሑድ የኦሮሞ መካነ ኢየሱስ መዘምራንን የሚመራ። ኖታ የተማረው ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ፊትህ ሲጨማደድ ከዚህ ይታየኛል። አዎ፣ ጴንጤ ነው። ሰውም ነው። መጀመሪያ ቀን ወረቀቴን አይቶ ዝንብ ቀለም ረግጣ የሄደችበት ነው ወይ አለኝ። እኔም ያንተ ደግሞ ሽቦ ላይ የተደረደረ ወፍ ነው አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድምና እህት ሆንን።

በየእሑዱ እሱ ከአምልኮ፣ እኔ ከቅዳሴ ስንወጣ ስኔሊንግ ላይ ያለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጥግ እንቀመጣለን። እኔ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አዜማለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ባለቤትየዋ ቤቴን ለቅሶ ቤት አስመሰላችሁት ብላ ከመስኮቱ አንሥታ ጓዳው በር ሥር አስቀመጠችን። የጻፈውን በትንሽ ኪቦርድ ተጫውቶ በስልክ ይልክልኛል፣ እኔ ሽማግሌውን አሰማቸዋለሁ። የሳተ ካለ ጠረጴዛ መትተው እንደገና ያንጎራጉራሉ። አንድ ዓመት እንዲህ ሠራን። ዕድሜ ልኬን ብዙ ሠርቻለሁ፣ ጠዋት ስነሣ ሥራዬ የናፈቀኝ ግን ያን ዓመት ብቻ ነው።

ማርች አሥራ ስምንት ቀን፣ በእኛ መጋቢት ዘጠኝ፣ ሁለተኛው ስትሮክ መጣ። አሁን ዜማውም ሄደ። የቀሩት ዓይናቸውና ግራ እጃቸው ናቸው። ሥራው የመጨረሻው ክፍል ጎድሎት ቆመ፤ ድምፁ ሁሉ ወደ ላይ እየወጣ፣ ገና ሳይወርድ።

ሆስፒታል ሲገቡ የእኔ ሺፍት ያበቃል፤ የቀጠረኝ ኤጀንሲ ሌላ ሽማግሌ ዘንድ መደበኝ። እኔ ግን ከሥራ እየወጣሁ በየቀኑ እሄድ ነበር። መጋቢት አሥራ ሁለት ቀን አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ ለማጽናናት ያህል ሥራቸውን ከመጀመሪያው አዜምኩላቸው። የቆመበት ስደርስ ዝም አልኩ። እጄን ጨበጡኝ። ድገሚው ማለታቸው መስሎኝ ደገምኩ። የቆመበት ስደርስ አሁንም ጨበጡኝ፣ ጠበቅ አድርገው። ሦስተኛ ጊዜ ስደርስ አላቆምኩም።

ከየት አመጣሽው ብለህ አታድርቀኝ፤ እኔም አላውቅም። ቀጠልኩ። መዳፋቸውን ከከፈቱ ልክ አይደለም ማለት ነው፣ እጥለዋለሁ። ከጨበጡ እጽፈዋለሁ። አምስት ጥዬ አንድ የጻፍኩበት ቀን አለ። ለሚሞት ሰው ብዬ የማይሆን ነገር ሳለሳልስ በግማሽ ፊታቸው ይቆጡኝ ነበር፤ ግማሽ ፊት ሲቆጣ ከሙሉው ይከፋል። አራት ገጽ ሞላ። መጋቢት ፲፪፣ ፲፫፣ ፲፭፣ ፲፯። ቀኑን ጠርዙ ላይ የጻፍኩት አባታችን ቀን የሌለበት ገጽ ስለማይቀበል ነው፤ እጄ ለምዷል። በመጨረሻው ቀን የመጨረሻዋን ሐረግ ሳወርድ እጄን ያዙና አልለቅ አሉ። ነርሷ መጥታ ነው ጣታቸውን አንድ በአንድ ያላቀቀችው። መጋቢት ፲፱ ቀን አረፉ።

አሁን በደንብ ስማኝ። ያ ዜማ ከአባታችን የወሰድኩት አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚባል አንድም የለበትም፣ በዚህ እንዳትከሰኝ። የሚስተር ቴልፈርድም አይደለም። ጆሯቸው አጥርቶታል፣ ያለ እሳቸው አይወጣም ነበር። ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ።

ከፋሲካ በኋላ አራቱን ገጾች ለሂርጳ ሰጠሁትና አዜምኩለት። ከታመሙ ወዲህ አልተገናኘንም ነበርና መቼ እንደተጻፉ አልጠየቀም። በንጹሕ ሲገለብጥ ቀኖቹንም ገለበጠ፤ መጋቢት ፲፪ን ማርች 12፣ መጋቢት ፲፯ን ማርች 17 አለው። ሃያ ዓመት አሜሪካ የኖረች ሴት ዛሬም በሐበሻ ቀን ትቆጥራለች ብሎ አልጠረጠረም። በእነሱ አቆጣጠር ግን መጋቢት ፲፪ ማርች ሃያ አንድ ነው። ዘጠኝ ቀን ወደ ኋላ ሄደ። ስትሮኩ ማርች አሥራ ስምንት፣ የመጨረሻው ገጽ ማርች አሥራ ሰባት። በወረቀቱ መሠረት ሽማግሌው ሥራቸውን በአፋቸው ጨርሰው፣ በማግስቱ ታመሙ።

አይተሽው ነበር ወይ ትለኝ ይሆናል። አዎ፣ የዚያኑ ዕለት አይቼዋለሁ። ዝም አልኩ። የአንዲት ፒሲኤ ሥራ መሆኑን ቢያውቁ ሳይሰሙት ይጥሉታል ብዬ ፈራሁ። አንዴ ሲዜም ልስማውና ከዚያ እናገራለሁ አልኩ።

ሰኔ ላይ ሰማሁት። አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥኩ። ስድሳ ፈረንጅ አፉን ከፍቶ የእኔን ድፋት ሲደፋ፣ የእኔን ርክርክ ሲያንከባልል። አንድ አሮጊት መጀመሪያው ረድፍ ላይ እንባዋን በእጅጌዋ ስትጠርግ አየኋት። ወንድሜ፣ ልጅ ስወልድ ያን ያህል አልተደሰትኩም፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ስወጣ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያም ሳልናገር ሐምሌ ገባ።

በሐምሌ መጨረሻ የሚስተር ቴልፈርድን ሥራዎች ከሚያሳትመው ድርጅት አንድ ሰው ከለንደን መጣ። ጨዋ ሰው ነው፣ አላማውም። እነዚህ የመጨረሻ ገጾች በአርባ ዓመት ውስጥ ከጻፉት ሁሉ ይበልጣሉ አለ፤ አጠገቡ ቆሜ ሻይ እየቀዳሁ። ከዚያ አንዲት ወረቀት ሰጠኝ። በተጻፉት ቀናት ሚስተር ቴልፈርድ ያንጎራጎሩትን ብቻ እንደጻፍኩና ከራሴ አንዳች እንዳልጨመርኩ አረጋግጣለሁ ትላለች። ለማኅደር ያህል ነው፣ ሳይን አድርጊልኝ አለኝ። አስብበታለሁ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት።

ለሂርጳ ነገርኩት። መጀመሪያ በቀኖቹ ራሱን ያዘ፤ ሃያ ዓመት ግብር በፈረንጅ ቀን እየከፈልሽ ለዜማ ሲሆን ነው ወይ ሐበሻ የምትሆኚው አለኝ። ሲረጋጋ ደግሞ ሳይን አድርጊ አለ። አስቢው፣ እውነቱን ብትናገሪ አራቱን ገጽ ያወጡታል፣ ሥራው እንደተቆረጠ ይዜማል፣ ኤጀንሲሽም ከሰማ በሽተኛ ላይ ምን ስታደርጊ ነበር ብሎ ያባርርሻል። ሳይን ብታደርጊ ይዜማል። የማን እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቀዋል አለኝ። እግዚአብሔር ማወቁን መቼ ተጠራጠርኩ፣ የማያውቀው ሰው ነው አልኩት። ሳቀ፣ ግን ሐሳቡን አልለወጠም። ለእኔ አስቦ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ሄድኩ። የመዘምራኗ መሪና የለንደኑ ሰው ባሉበት የራሴን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ሁሉንም ተናገርኩ፤ የቀን አቆጣጠሩን፣ እጃቸውን፣ ዝም ማለቴን። ሰውዬው ሙዚቃ የት ተማርሽ አለኝ። ግድግዳ ሥር አልኩት። ቀልድ መሰለው። ከዚያ በትሕትና አስረዳኝ፤ ያለ ማስረጃ በአንድ ትልቅ ደራሲ ሥራ ላይ የእኔን ስም ማስገባት አይችልም፣ አሁን ይህን ከሰማ በኋላ ደግሞ ገጾቹን በእሳቸው ስምም ማተም አይችልም። እነዚህ ነጠብጣቦች ጽሕፈት መሆናቸውን እንኳ በምን አውቃለሁ አለ። መሪዋ አልሳቀችም። የሚያውቅልሽ ሰው የለም ወይ፣ አንድ የድሮ ገጽ በእጅሽ የተጻፈ፣ አዋቂ ሰው የመሰከረበት፣ አለችኝ። እስከ ሴፕቴምበር ሃያ ሰጡኝ። በእኛ መስከረም አሥር ነው። እስከዚያ ካልሆነ ኦክቶበር ላይ ሥራው መጋቢት ዘጠኝ የቆመበት ድረስ ብቻ ይዜማል፣ አራቱ ገጾች መሳቢያ ይገባሉ።

አንድ የድሮ ገጽ ስትል አንድ መጽሐፍ ነው ትዝ ያለኝ።

የሰማንያ ሁለቱን ክረምት አትረሳውም። ሐምሌንና ነሐሴን በታይፎይድ ተኝተሃል። ጨርቅ እያራስኩ ግንባርህ ላይ ሳደርግ "እትዬ፣ መጽሐፌ" እያልክ ትቃዥ ነበር። ደንቡ ተማሪ የዜማ መጽሐፉን፣ ከነምልክቱ፣ በገዛ እጁ ጽፎ ለምስክር፣ መምህር ለሚያሰኘው ፈተና፣ እንዲሄድ ነው፤ አንተ ደግሞ ግማሹ ቀርቶህ ነው የወደቅከው። መስከረም ሲጠባ መጽሐፉ አልቆ ነበር። እንዴት እንዳለቀ ማንም አልጠየቀም። አባታችን ገልጦ አየው፤ ብዙ ቆየ። አንተን አላመሰገነም፣ እኔንም አልተቆጣኝም። በማግስቱ ግን የቀለሙን ቀንድ ከቆጡ አውርዶ ወለሉ ላይ አኖረው፣ እኔ ቤት ስጠርግ በማገኝበት። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር በቤታችን ተነሥቶ አያውቅም። እኔም ዛሬ አላነሣውም።

የምለምንህ ይህን ነው። መጽሐፍህን ክፈት። የሐምሌና የነሐሴ ቀን ያለባቸውን ገጾች በስልክህ ፎቶ አንሣልኝ፤ ሦስት ይበቃሉ። ከሥራቸው ደግሞ በአንተ እጅ አንድ መስመር ጻፍበትና ማኅተምህን አድርግበት። ምን ብለህ እንደምትጽፍ አልነግርህም። ከእኔ የመጋቢት ገጾች ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዓይን ያለው ያያል።

ቀላል ነገር እንዳልጠየቅኩህ አውቃለሁ። ተማሪዎችህ ምን ይላሉ፣ ደብሩ ምን ይላል ብለህ ታስባለህ። ብታስብ አልፈርድብህም፤ ከእኔ በላይ የሚያፍርልህም የሚኮራብህም የለም። ያስመሰከርክ ቀን እልል ካሉት ሴቶች ጉሮሮዋ የነቃው እኔ ነበርኩ፤ ከልቤ ነው እልል ያልኩት። ዝም ያልኩትም ከልቤ ነው። ግን ዝምታ እንዴት እንደሆነ አንዴ አይቼዋለሁ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ይፈጃል። ዕድሜዬ ሃምሳ ሰባት ነው፤ ሌላ ሠላሳ አምስት የለኝም።

ባትልክልኝም አልጣላህም፣ መድኃኒትህም አይቋረጥም። እኔ ግን በተባለው ቀን እሄዳለሁ። ባዶ ወረቀት ስጡኝ እላቸዋለሁ። ከመካከላችሁ አንዱ እኔ ሰምቼው የማላውቀውን ያንጎራጉር እላለሁ። እጽፈዋለሁ፤ በማግስቱ ጠርተውኝ እዚያው ፊታቸው መልሼ አዜመዋለሁ። ካላመኑኝ በሌላ ቀን እመለሳለሁ። ካባረሩኝ በራፉ ላይ አዜመዋለሁ። ከዚህ ወደ ኋላ የለም፤ ይህን ስታነብ ያቺ የለንደኑ ወረቀት ተቀዳድዳለች፣ ዛሬ ጠዋት ነው የቀደድኳት።

አንተ ምስክርህን ወጥተህ መሪጌታ ሆነሃል። የእኔ ምስክር ገና ነው፤ ሰዎቹ ቀን ቆርጠዋል፣ እኔም ዝግጁ ነኝ። የጎደለው መስካሪ ብቻ ነው።

አምላክ ጉልበትህን ያጽናልህ። ድምፅህን አይንሣህ። የተማሪዎችህን ጆሮ ይክፈትልህ፣ የሴቶች ልጆችህንም። የአባታችንን ነፍስ በአብርሃም ቤት ያሳርፍልን። ቤቱን ሁሉ ሳሚልኝ ብያታለሁ ባየሽን፤ አንተን ግን እኔው ራሴ በዚህ ወረቀት ስሜሃለሁ።

በዚያ ክረምት ያስታመመችህ፣
ታላቅ እህትህ